የጥርስ ሕክምናን ከልማድ ወደ ሳይንስ ያሸጋገረው የግሪን ቫርዲማን ብላክ የሕይወት ታሪክ

ጥርሱን ያመመው ሰው ሌሊቱ አይነጋለትም፤ የበላው አይጥመውም፤ ሰው ሲያናግረውም ደስ አይለውም። በቀድሞ ዘመን ለዚህ ሥቃይ የታወቀው መድኃኒት አንድ ብቻ ነበረ፤ እርሱም ጥርሱን በጉጠት ይዞ መንቀል ነው። ዛሬ ግን የተበላ ጥርስ ተጠርጎና ተሞልቶ፣ ወይም ክዳን ተደርጎለት፣ ለብዙ ዓመታት ማገልገል ይችላል። ለዚህ ሥራ ጽኑ መሠረት ከጣሉት ሰዎች መካከል ስሙ በቅድሚያ የሚነሣው አሜሪካዊው ግሪን ቫርዲማን ብላክ ነው። ስለዚህ የዚህን ሰው ታሪክ ባጭሩ ለማቅረብ አስበናል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብላክ በ1836 ዓ.ም. ኦገስት 3 ቀን በአሜሪካ አገር፣ በኢሊኖይ ግዛት፣ ዊንቸስተር በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ተወለደ። ያደገውም በእርሻ ላይ ነው። በትምህርት ቤት የቆየበት ጊዜ እጅግ አጭር ነበረ። ልቡ ያለው በዱርና በወንዝ ዳር ስለ ነበረ፣ ወፎችንና አራዊትን፣ ዕፀዋትንም እየተመለከተ መዋል ይወድ ነበር። ይህ የልጅነት ጠባዩ በከንቱ አልቀረም፤ ነገርን ሁሉ በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ የማመን ልማድ ሰጠው።

17 ዓመት ሲሆነው ሐኪም ወደ ነበረው ታላቅ ወንድሙ ወደ ቶማስ ሄዶ ሕክምና ማጥናት ጀመረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በ1857 ዓ.ም. ስፒር ከሚባል የጥርስ ሐኪም ዘንድ ገብቶ ሙያውን ተማረ። የተማረውም ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ በኢሊኖይ የጥርስ ሐኪም ፈቃድ እንዲኖረው የሚያስገድድ ሕግ አልነበረም፤ መሣሪያ የገዛ ሁሉ ሥራ መጀመር ይችል ነበር። ብላክም እንዲሁ በዊንቸስተር ሥራውን ጀመረ።

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ከሰሜኑ ጦር ጋር ዘመተ፤ በቃፊርነትም ሲያገለግል ጉልበቱን ተጎድቶ ከጦሩ ተሰናበተ። በ1864 ዓ.ም. ጃክሰንቪል ወደምትባል ከተማ ሄዶ የጥርስ ሕክምና ቤት ከፈተ። ቀን በሽተኛ ሲያክም ይውላል፤ ማታ ኬሚስትሪ ያጠናል፤ በማይክሮስኮፕም ይመራመራል። በዚያ ዘመን ብዙ የሳይንስ ጽሑፍ የሚወጣው በጀርመንኛ ስለ ነበረ፣ ያንንም ቋንቋ በራሱ ጥረት ተማረ። በእግር እየተረገጠ የሚሽከረከር የጥርስ መሰርሰሪያም ሠራ። በኋላ ዶክተር ተብሎ ለመጠራት የበቃው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሳይሆን፣ ሥራው ታይቶ በተሰጠው የክብር ማዕረግ ነው።

በዚያን ጊዜ የጥርስ ሐኪሞችን ለሁለት የከፈለ አንድ ታላቅ ክርክር ነበረ። የተቦረቦረ ጥርስ የሚሞላው በተለይ በወርቅ ነበረ፤ ወርቅ ግን ውድ ስለ ሆነ ድኻ አይደርስበትም። ከ1833 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ አሜሪካ የገባው አማልጋም ግን ርካሽ ነበረ። አማልጋም ማለት የብር ብናኝ ባዝቃ ከሚባለው ፈሳሽ ማዕድን ጋር ተለውሶ የሚሠራ መሙያ ነው፤ ሲለወስ እንደ ሊጥ ይለሰልሳል፤ ጥቂት ቆይቶም ይጠነክራል። አንዳንዱ አማልጋም ከደረቀ በኋላ ይኮማተርና በጥርሱና በመሙያው መካከል ክፍተት ይተዋል፤ በዚያም ክፍተት ጥርሱ እንደገና ይበላል። ሌላው ደግሞ ያብጥና ከቀዳዳው ገፍቶ ይወጣል። ባዝቃውንም ብዙ ሰዎች ፈሩት። በ1840 ዓ.ም. የተቋቋመው የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር አባሎቹ አማልጋምን እንዳይጠቀሙ ቃል አስገባቸው። ጠቡ እየበረታ ሄዶ ማኅበሩ በ1856 ዓ.ም. ፈረሰ። ማኅበሩ ቢፈርስም ክርክሩ አላበቃም።

ብላክ ወደዚህ ክርክር የገባው ሚዛንና መለኪያ ይዞ ነው። አማልጋም ሲደርቅ የሚኮማተረውንና የሚያብጠውን እጅግ ጥቃቅን ልክ የሚያሳዩ መሣሪያዎችን አዘጋጀ። ሰው ምግብ ሲያኝክ መንጋጋው ምን ያህል ኃይል እንዳለው የሚለካ መሣሪያም ሠራ፤ መሙያው ሊሸከም የሚገባውን ጭነት ሳያውቁ ጥንካሬውን መወሰን አይቻልምና። ብሩንና ቆርቆሮውን በልዩ ልዩ መጠን እየቀላቀለ፣ አንዱን ከአንዱ እያስተያየ ደጋግሞ ፈተነ። በ1895 እና በ1896 ዓ.ም. ውጤቱን አሳተመ። ከመቶው 68 ያህሉ ብር፣ 26 ያህሉ ቆርቆሮ፣ የቀረውም ጥቂት መዳብና ዚንክ የሆነ ድብልቅ ከባዝቃ ጋር ሲለወስ መጠኑን ጠብቆ እንደሚደርቅ አስረዳ። ከዚህ በኋላ ድኻውም ጥርሱን ከመነቀል የሚያድንበት አስተማማኝ መሙያ አገኘ። በዚህ መሠረት የተሠራው አማልጋም እስከ 1960ዎቹ ዓመታት ድረስ ብዙም ሳይለወጥ በዓለም ሁሉ አገልግሏል።

ብላክ ከመሙያው ሌላ ስለ ቀዳዳው አቆራረጥም ሕግ አወጣ። አማልጋም ከጥርስ ጋር አይጣበቅም፤ የሚይዘው የቀዳዳው ቅርጽ ነው። ስለዚህ ወለሉ ጠፍጣፋ፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ አፉ ከውስጡ ጠበብ ያለ እንዲሆን አስተማረ። የተበሉ ጥርሶችንም እንደ ጉዳቱ ቦታ በአምስት ክፍል መደባቸው። ከዚህም ጋር፣ ጉዳቱ ተመልሶ እንዳይነሣ በማሰብ፣ በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ጤነኛ የጥርስ ክፍል ጭምር አስፍቶ መቁረጥ ይገባል አለ። ይህን ሁሉ በ1908 ዓ.ም. በሁለት ቅጽ ባወጣው መጽሐፍ ገለጸ። ከ1891 ዓ.ም. ጀምሮ በቺካጎ አካባቢ በሚገኘው በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት መምህር፣ ከ1897 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ዲን ሆኖ እስከ ዕለተ ሞቱ ሠራ። ለተማሪዎቹም፣ የጥርስ ሐኪም ሥራ ከመጠገን ይልቅ መከላከል የሚሆንበት ቀን እንደሚመጣ ይነግራቸው ነበር።

በስተርጅናው የገባበት ምርምር እኛንም የሚነካ ነው። ፍሬድሪክ ማኬይ የሚባል ወጣት ሐኪም በኮሎራዶ ስፕሪንግስ የሚወለዱ ልጆች ጥርሳቸው ቡናማ መሆኑን አይቶ ነገሩ አስጨነቀው። ብላክ በ1909 ዓ.ም. ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ ወደዚያው ተጓዘ። በተደረገውም ምርመራ በዚያች ከተማ ከተወለዱት ልጆች ከመቶ 90 ያህሉ ጥርሳቸው የተለወጠ ሆኖ ተገኘ። የሚያስደንቀው ግን እነዚህ ጥርሶች በቀላሉ አለመበላታቸው ነው። ብላክ ምክንያቱን ሳያይ በ1915 ዓ.ም. ኦገስት 31 ቀን በ79 ዓመቱ ሞተ። ምክንያቱ በ1931 ዓ.ም. ታወቀ፤ በሚጠጣው ውኃ ውስጥ የበዛ ፍሎራይድ ነበረ። በልኩ የሆነ ፍሎራይድ ጥርስን ከመበላት እንደሚጠብቅም ከዚህ ተገኘ፤ ዛሬ በጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚጨመረው ስለዚሁ ነው።

በአገራችን በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂና በሌሎችም ቦታዎች፣ ጥርሱ የበለዘ ብዙ ሰው እናያለን። ይህ ሰው ጥርሱን ባለማጽዳቱ የመጣ ነው እያሉ መዝለፍ ስሕተት ነው። ምክንያቱ በልጅነት የተጠጣው የጉድጓድ ውኃ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውኃ ከ1.5 ሚሊግራም የበለጠ ፍሎራይድ እንዳይኖር ይመክራል፤ በስምጥ ሸለቆ ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ያለበት ጉድጓድ አለ። ሲበዛም ጥርስን ብቻ ሳይሆን አጥንትን ይጎዳል።

ከብላክ በኋላ ሙያው ብዙ ተራምዷል። በ1955 ዓ.ም. ማይክል ቦኖኮር የጥርስን የላይኛ ሽፋን በአሲድ ጥቂት ቢያሻክሩት መሙያ እንደሚጣበቅበት አሳየ። በ1962 ዓ.ም. ደግሞ ራፋኤል ቦወን የጥርስን መልክ ለሚመስለው ኮምፖዚት ለሚባለው መሙያ መሠረት የሆነውን ሙጫ አስመዘገበ። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የጥርስ መሙያ፣ በኋላም ክዳን፣ በካሜራ ተለክቶ በኮምፒዩተር በሚታዘዝ መኪና ይቀረጻል፤ ዛሬ ዚርኮኒያ የሚባለው እጅግ ጠንካራ ነጭ ሴራሚክም እንዲሁ ይሠራበታል። አማልጋምም ባለበት ባዝቃ ምክንያት እየቀረ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት አጠቃቀሙ እንዲቀነስ ደንግጓል፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከ2025 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ከልክሎታል።

መሙያው የሚጣበቅ ከሆነ ጤነኛውን ጥርስ አስፍቶ መቁረጥ አያስፈልግም። ስለዚህ ብላክ አስፍታችሁ ቁረጡ ያለው ሕግ ዛሬ ተሽሯል፤ የአሁኑ ሐኪም የሚቆርጠው የታመመውን ብቻ ነው። ይህ ግን ክብሩን አይቀንሰውም። ሕጉን የሻሩት ሰዎች የተጠቀሙበት መንገድ፣ ማለት መለካት፣ መፈተን፣ ውጤቱንም ሳይሸሽጉ ማሳተም፣ እርሱ ራሱ ያስተማረው ነውና።

ተማሪዎች ሆይ፣ በቺካጎ በሊንከን ፓርክ ለብላክ የቆመለት ሐውልት አለ። ነገር ግን ከሐውልቱ የሚበልጠው መታሰቢያ ሳይነቀል የቀረው ጥርስ ነው። ሌሎች ለብዙ ዓመታት በጩኸት የተከራከሩበትን ጉዳይ እርሱ በትዕግሥት ለክቶ መልስ ሰጠው። እኛም በክፍላችን፣ በቤተ ሙከራችን፣ ወይም በሰፈራችን ክርክር በተነሣ ጊዜ ከመጮህ በፊት መለኪያውን እናንሣ።