ፕሮፌሰር ታምራት አማኑኤል፤ የቤተ እስራኤል መምህር



ቀድሞ ዋቸሞ ይባል የነበረው ከተማችን ዛሬ የሚጠራው በበዓል ስም ነው። በየዓመቱ ዘንባባ ይዘን የምንዘምረው ሆሳዕና የሚለው ቃል የዕብራይስጥ ጸሎት ሲሆን፣ ትርጓሜውም እባክህ አድነን ማለት ነው። ይህን ጸሎት ከመዝሙረ ዳዊት ወስደው በዳስ በዓል ዘንባባና ለምለም ቅጠል እንደ ያዙ መሠዊያውን እየዞሩ ያደርሱት የነበሩት አይሁድ ናቸው፤ ዛሬም በምኩራባቸው ያደርሱታል። እንግዲህ የከተማችን ስም የተወረሰው ከእነርሱ አንደበት ነው። ስለዚህ በዚህ እትማችን ከአገራችን አይሁድ ወገን የሆኑትን የፕሮፌሰር ታምራት አማኑኤልን ሕይወት በአጭሩ ልናቀርብላችሁ ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ታምራት አማኑኤል በ1888 ከቤተ እስራኤል ወገን ተወለዱ። ቤተ እስራኤል በጎንደርና በሰሜን፣ በወልቃይትና በትግራይ አካባቢ ለብዙ ዘመናት የኖሩ፣ የሙሴን ሕግ የሚጠብቁ ሕዝብ ናቸው። ኦሪታቸው በግእዝ ቋንቋ በብራና የተጻፈ ነው፤ ቄሶቻቸው በግእዝ ያነቡታል፣ ለሕዝቡም በአገሩ ቋንቋ ይተረጉሙለታል። ሰንበትን እጅግ ያከብራሉ፤ በፋሲካ ቂጣ ይበላሉ፤ ጾመ አስቴርን ይጾማሉ። በስምንተኛው ወር በ29ኛው ቀን ደግሞ ሲግድ የተባለውን በዓል ለማክበር ጾመው ወደ ተራራ ይወጡ ነበር። በዚያም ኦሪት ይነበባል፣ ሕዝቡ በኢየሩሳሌም አንጻር ይሰግዳል፤ ከዚያ በኋላ በደስታ ወርደው ማእድ ይቆርሳሉ። ርስት እንዳይኖራቸው ስለ ተከለከሉ ብዙዎቹ በቀጥቃጭነትና በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ ነበር፤ ጎረቤቶቻቸውም ፈላሻ እያሉ፣ ቡዳ እያሉም ይሸሹአቸው ነበር።

በ1904 ዣክ ፋይትሎቪች የተባለ ትውልዱ ከፖላንድ የሆነ አይሁዳዊ ሊቅ ይህን ሕዝብ ለማወቅ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ታምራት በዚያ ጊዜ በአሥመራ በስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት የሚማሩ ወጣት ነበሩ። ፋይትሎቪች እርሳቸውንና ጌቴ ኤርምያስ የተባለውን ሌላ ወጣት ወደ አውሮፓ ወሰዳቸው። ታምራት መጀመሪያ በፓሪስ፣ ከዚያም በጣልያን አገር በፊሬንዜ ከተማ በረቢ ሳሙኤል ማርጉሊስ ይመራ በነበረው የረቢዎች ኮሌጅ ለብዙ ዓመታት ተማሩ።

በዚያም በዓለም የተበተኑ አይሁድ ሁሉ የሚጠብቁትን የንባብ ሥርዓት አወቁ። አይሁድ አምስቱን የኦሪት መጻሕፍት በ54 ክፍል ከፍለው በየሰንበቱ በተራ ያነባሉ፤ ከእያንዳንዱም ክፍል ጋር ከነቢያት አንድ ምንባብ ያያይዛሉ። የዳስ በዓል ሲፈጸም የዘዳግምን የመጨረሻ ቃል አንብበው፣ ወዲያው የዘፍጥረትን መጀመሪያ ይቀጥላሉ። ጌታችን በናዝሬት ምኩራብ ተነሥቶ የነቢዩ ኢሳይያስን መጽሐፍ ሲያነብ፣ ቅዱስ ጳውሎስም በጲስድያ አንጾኪያ ከሕግና ከነቢያት ንባብ በኋላ ሲሰብክ፣ ሁለቱም በምኩራብ የሰንበት ንባብ መካከል ነበሩ።

ታምራት በ1920 ገደማ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1920ዎቹ መጀመሪያም በአዲስ አበባ ለቤተ እስራኤል ልጆች የተከፈተውን ትምህርት ቤት መምራት ጀመሩ። ከጎንደር አካባቢ የመጡ ልጆች በዚያ ዕብራይስጥንና ዘመናዊ ትምህርትን ተማሩ። ሥራው ግን ቀላል አልነበረም። ቤተ እስራኤል ታልሙድን አያውቁም፣ የሐኑካንም በዓል አያከብሩም ነበር። ሌሎቹ አይሁድ የማያውቋቸው መነኮሳት ግን ነበሩአቸው። ከውጭ የመጣውን ሥርዓት የሚያስተምር ሰው የአባቶቹን ሥርዓት እንደ ስሕተት ቆጥሮ ለመተው ይፈተናል። ታምራት ግን የአባቶቻቸውን ነገር አልናቁም፤ ስለ ቤተ እስራኤል መነኮሳትና ስለ ቅዱሳን ቦታዎቻቸው የሰበሰቡትን በማስታወሻ ጻፉ። ያም ማስታወሻ እርሳቸው ካረፉ በኋላ በ1970ዎቹ በሊቁ ወልፍ ሌስላው አማካይነት ታትሞ ለትውልድ ተርፏል።

በ1936 ፋሺስት ኢጣልያ አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ከየካቲት 1937 እልቂት በኋላ የተማረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ይታደን ስለ ነበር ታምራት ተሰደዱ። አገራችን ነጻ በወጣች ጊዜ ተመልሰው በትምህርት ሚኒስቴር አገለገሉ፤ ስለ ኢትዮጵያ ደራስያን የተሰኘችውን አነስተኛ መጽሐፍ ጻፉ፤ በፓሪስም በኢትዮጵያ ሌጋሲዮን ሠሩ። በመጨረሻ ወደ እስራኤል ሄደው በ1963 በኢየሩሳሌም ዐረፉ። የሲግድ ምእመናን ከተራራ ላይ በናፍቆት ፊታቸውን ያቀኑባት ከተማ መቃብራቸው ሆነች። በ1991 በሁለት ቀን ውስጥ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤል በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲጓዙ፣ ሲግድም በ2008 በዚያ አገር በሕግ የታወቀ በዓል ሲሆን ለማየት አልታደሉም።

ተወዳጆች ሆይ፤ ከዚህ ሕይወት ለእኛ የሚሆን ምን አለ? የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ባወጣው ኖስትራ ኤታቴ በተባለው ሰነድ፣ አይሁድን በጌታ ሞት በጅምላ መክሰስ እንደማይገባ፣ እግዚአብሔርም ጥሪውን እንዳልሻረባቸው ቤተ ክርስቲያናችን አስተምራለች። ከዋሰራ እስከ ጃጁራ በየጸሎት ቤቱ፣ ካህን በማይደርስበት እሑድ ምንባቡን የምታነቡ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ የመጀመሪያውን ምንባብ ከብሉይ ኪዳን ስታነቡ አሁንም በሕይወት ያለ ሕዝብ በየሰንበቱ የሚያነበውን መጽሐፍ በእጃችሁ እንደ ያዛችሁ አስቡ። ስለ አይሁድ የምትናገሩትም ቃል ይህን የማይረሳ ይሁን።

ሌላም የሚከብድ ነገር አለ። ቤተ እስራኤልን ቡዳ ያሰኛቸው የእጃቸው ሥራ ነበር። በእኛም በሐዲያና በከምባታ ሸክላ የሚሠሩና ቆዳ የሚያለፉ ወገኖቻችን ፉጋ በሚል የንቀት ስም ሲጠሩ፣ ከማእድና ከጋብቻ ሲለዩ ኖረዋል። በአንድ ጥምቀት የተወለድን ሆነን በቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ወንበር ላይ እንኳ ከእነርሱ ርቀን የምንቀመጥ ከሆነ፣ የምናነበው ኦሪት በእኛ ላይ ምስክር ይሆናል፤ መጻተኛውን እንድንወድ የሚያዝዘው እርሱ ነውና። በሚመጣው ሆሳዕና ዘንባባችንን ስናነሣ፣ አጠገባችን የቆመው ማን እንደ ሆነ፣ ማንስ እንደ ራቀ ዞር ብለን እንመልከት።

የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ጸጋና ሰላም ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።