ሻለቃ ቺስማንና የጣና መጠጊያዎች

ዳንግላ ዛሬ በአዊ ዞን የምትገኝ ከተማ ናት። ከ1925 እስከ 1934 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዚህች ከተማ የእንግሊዝ ቆንሲል ሆነው የኖሩት ሻለቃ ሮበርት ቺስማን ነበሩ። ስማቸው ዓባይንና ጣናን በሚያጠኑ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ስለ ሆነ፣ ታሪካቸውን ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ ለማቅረብ አሰብን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቺስማን በ1878 በእንግሊዝ አገር ተወለዱ። የአዕዋፍን ጠባይ የሚመረምሩ ሰው ነበሩ፤ ወደ አገራችን ከመምጣታቸውም በፊት በባግዳድ ሠርተዋል፤ በዓረብ በረሓም ተጉዘዋል። እኅታቸው ኤቭሊን ቺስማንም ነፍሳትን ለመሰብሰብ በሰላማዊ ውቅያኖስ ያሉትን ሞቃት ደሴቶች የዞሩ ዕውቅ ሴት ነበሩ። እኅት በውቅያኖስ ደሴቶች ሲዘዋወሩ፣ ወንድም ደግሞ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በተኛው በጣና ላይ ደሴት ፍለጋ ወጡ።

ጣና ከሩቅ ሲያዩት የዋህ ይመስላል። ጧት ጸጥ ብሎ ይውልና ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ያስፈራል። የደንገል ታንኳ ደግሞ ከውሃው ብዙም ከፍ ስለማይል ማዕበል በቀላሉ ይረጨዋል፤ ውሃ ውስጥ ሲቈይም እየጠጣ ይከብዳል። ስለዚህ ባለታንኳው ጎሕ ሲቀድ ይነሣል፤ ነፋሱ ሳይበረታም ከደሴቱ ጀርባ ወይም ደንገል ማዕበሉን ከሰበረበት ጥግ ይጠጋል። ከዚያም ታንኳውን ወደ የብስ ስቦ ፀሐይ ያስመታዋል። ቺስማን በእንደዚህ ያለ ታንኳ እየተጓዙ ደቅን፣ ዳጋ እስጢፋኖስን፣ ጣና ቂርቆስንና ሌሎቹን ደሴቶች ጐበኙ፤ ገዳማቱንም አዩ። በዓባይ ሸለቆ ግን ታንኳ ስለማያስኬድ በበቅሎ ገደል ለገደል እየሄዱ የወንዙን መንገድ በካርታ አሰፈሩ። የጉዟቸውንም ታሪክ በ1936 በመጽሐፍ አሳተሙ።

ነገር ግን አንድ ነገር መዘንጋት አይገባም። የቆንሲሉ መንግሥት በጣና ላይ ግድብ ሠርቶ ውሃውን ለሱዳንና ለግብፅ እርሻ ለማዋል ከብዙ ዘመን ጀምሮ ይመኝ ነበር። በ1925 እንግሊዝና ኢጣሊያ ስለዚሁ ጉዳይ ያለ ኢትዮጵያ ፈቃድ ስለ ተስማሙ፣ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1926 ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ። ሐይቁ ተገድቦ ከፍ ቢል ኖሮ በዳርቻው ያለው እርሻና ቤተ ክርስቲያን፣ ታንኳ የሚያርፍበትም ጸጥተኛ ጥግ ሁሉ ውሃ ይውጠው ነበር። ግድቡ በዚያን ዘመን ሳይሠራ ቀረ።

ይሁን እንጂ ያው ዕውቀት ሌላ ጊዜ ለእኛም ጠቅሟል። ፋሺስቶች አገራችንን በወረሩ ጊዜ ቺስማን በካርቱም የኢትዮጵያን ጉዳይ የሚከታተለውን የመረጃ ክፍል መሩ፤ በ1941 ጎጃምን ነጻ ለማውጣት በተደረገው ዘመቻ ስለ አገሩ የነበራቸው ዕውቀት ረዳ። በ1962 አረፉ።

እኛ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ይህ ነው። እንግዳው መጠጊያውን በካርታ አሰፈረ፤ መጠጊያውን አስቀድሞ ያወቀው ግን ባለታንኳው ነው። አገሩን ራሱ ያላጠና ሕዝብ የአገሩን ካርታ ከሌላ እጅ ይቀበላል፤ ካርታውም ለምን እንደ ተሠራ የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።