2,500 በር ያንኳኳው ሰው

የካቲት 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የሆነውን የማያውቅ የለም። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ አንድ የ28 ዓመት ጥቁር አሜሪካዊ፣ ካገባት ሦስት ወር ከሞላት ሚስቱ ጋር፣ ፊላደልፊያ ከተማ ውስጥ ከምግብ ቤት በላይ ያለች አንዲት ክፍል ተከራየ። ሰፈሩ የደሃ ሰፈር ነው። ሰካራሙም ሌባውም ፖሊሱም የሚርመሰመስበት። ሰውየው ግን ከሃርቫርድ የዶክትሬት ዲግሪ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ነው፤ በርሊን ተምሮ መጥቷል፤ ጓንት ያጠልቃል፣ ከዘራ ይይዛል። እዚያ ሰፈር ምን ሊሠራ መጣ ካላችሁ፣ በር ሊያንኳኳ ነው። ዊሊያም ኤድዋርድ በርግሃርት ዱ ቦይስ ይባላል።

ብዙዎቻችን ዱ ቦይስን የምናውቀው በፓን አፍሪካ ታሪክ ነው። ከነክዋሜ ንክሩማህ ጎን ፎቶ ላይ የምናያቸው ባለ ሪዙ ሽማግሌ ማለት ነው። እኔ ኢኮኖሚክስ አራት ዓመት ስማር ስሙ አንዴም ተነስቶ አያውቅም። ሪግሬሽኑን ተምረናል፣ ሶፍትዌሩን ተምረናል፤ ዳታው ግን ከሰማይ የወረደ ነበር የሚመስለው። ማን ሄዶ ጠየቀ? ማን በር ከፈተለት? ማን ዘጋበት? እነዚህን የሚጠይቅ አልነበረም። ስለዚህ የዛሬው ወግ ከሽማግሌው በፊት ስለነበረው ወጣት ነው።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1868 ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ጥቁሮች በጣት በሚቆጠሩባት ግሬት ባሪንግተን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ ገና ሕፃን ሳለ ጥሎት ሄደ። እናቱ ሰው ቤት እየሠራች አሳደገችው፤ ኋላ ግማሽ አካሏ ሽባ ሆነ። እሱም እንጨት እየፈለጠ፣ ጋዜጣ እየሸጠ ሁለተኛ ደረጃን ጨረሰ። እናቱ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ኮሌጅ የገባው የከተማው አብያተ ክርስቲያናት ገንዘብ አዋጥተውለት ነው፤ ቴነሲ ወደሚገኘው ወደ ፊስክ። ክረምት ክረምት ገጠር እየወረደ የጥቁር ገበሬ ልጆችን ያስተምር ነበር። የአሜሪካን ደቡብ መጀመሪያ ያየው በመጽሐፍ ሳይሆን በእግሩ ነው ማለት ይቻላል።

ከፊስክ ሃርቫርድ ገባ። ከዚያ አውሮፓ ሄዶ መማር ፈለገ። የጥቁሮችን ትምህርት የሚደግፍ አንድ ፈንድ ነበር፤ ሰብሳቢው የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ራዘርፎርድ ሄይስ ናቸው። ሰውየው ችሎታ ያለው ጥቁር ከተገኘ እንልካለን ማለታቸውን ዱ ቦይስ ጋዜጣ ላይ አነበበ። አመለከተ፣ ከለከሉት። እንደኛ ቢሆን ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። እሱ ግን ለቀድሞ ፕሬዚዳንት ጠንከር ያለ ደብዳቤ ጻፈ፤ ደጋገመም። በመጨረሻ ግማሹ ስጦታ ግማሹ ብድር የሆነ ገንዘብ ተሰጠውና በ1892 በርሊን ገባ።

በርሊን ላይ ያስተማሩት እነ ጉስታፍ ሽሞለር የሚሉት ባጭሩ ይኼ ነው፦ ስለ ማኅበረሰብ ከወንበር ላይ ተቀምጠህ ሕግ አታውጣ፤ መጀመሪያ ውረድና መረጃ ሰብስብ። ዱ ቦይስ ይህን ሐሳብ እንደ ሃይማኖት ያዘው። ነጮች ጥቁርን የሚንቁት ባለማወቅ ነው፣ እውነቱ በቁጥር ተለክቶ ፊታቸው ከተቀመጠ ይለወጣሉ ብሎ አመነ። የዋህነት ነው? ቆይተን እናያለን።

ገንዘቡ አልቆበት የበርሊኑን ዶክትሬት ሳይጨርስ ተመለሰ። ኦሃዮ ውስጥ ዊልበርፎርስ በሚባል ኮሌጅ ተቀጠረ። ሶሲዮሎጂ ላስተምር ቢል እምቢ ተባለ፤ ላቲንና ግሪክ አስተምር አሉት። የፊላደልፊያው ጥሪ የመጣው እንዲህ አንጀቱ አርሮ ባለበት ጊዜ ነው።

ጥሪውም ቢሆን ንጹሕ አልነበረም። የከተማዋ ትልልቅ ሰዎች ከተማችን የተበላሸችው በጥቁሮች ወንጀል ነው የሚል መልስ አስቀድመው ይዘዋል፤ የቀራቸው ማስረጃ ነው። የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ የአንድ ዓመት ቅጥር ሰጠው፤ ደመወዙ 900 ዶላር፣ ማዕረጉ ረዳት። መደበኛ መምህር አላደረገውም፣ ቢሮም አልሰጠውም።

የተመደበለት ሰባተኛው ዋርድ ነው፤ በኛ አነጋገር ሰባተኛ ቀበሌ በሉት። ከ9 ሺህ በላይ ጥቁሮች ይኖሩበታል። ናሙና ወስዶ መገላገል የሚባለው ዘዴ ያኔ ገና አልተለመደም፤ ረዳትም የለውም። ስለዚህ ሁሉንም በር ራሱ አንኳኳ። ወደ 2,500 ቤት! ስድስት ዓይነት መጠይቅ አዘጋጅቷል፦ ለቤተሰቡ፣ ለግለሰቡ፣ ለመኖሪያ ቤቱ፣ ለመንገዱ፣ በየሰፈሩ ላሉ ተቋማት፣ ሰው ቤት ገብተው ለሚያድሩ ሠራተኞች። ዕድሜህ ስንት ነው፣ የት ተወለድክ፣ ማንበብ ትችላለህ ወይ፣ ምን ትሠራለህ፣ ኪራይ ስንት ትከፍላለህ፣ ውኃ ቤት ውስጥ አለ ወይ? ለንደን ላይ ቻርልስ ቡዝ የሚባል ሀብታም ነጋዴ የከተማዋን ድህነት መንገድ በመንገድ በቀለም ካርታ ላይ ማስፈር ጀምሮ ነበር። ዱ ቦይስም የሰባተኛውን ዋርድ ቤቶች እያንዳንዳቸውን እንደ ነዋሪው ኑሮ ቀለም ቀባቸው። ቡዝ ግን ገንዘብም ረዳቶችም ነበሩት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ከተመረቅኩ በኋላ ለሁለት ወር ያህል ጫግኒ ዙሪያ፣ ጓንጓ ወረዳ ውስጥ መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ሠርቻለሁ። ታብሌት ይዘህ፣ ጂፒኤሱ ቦታህን እየመዘገበ፣ በአማርኛ የተጻፈውን ጥያቄ በአዊኛ እያስረዳህ ስንት ቃዳ መሬት አለዎት ስትል ሰውየው መጀመሪያ የሚያየው ፊትህን ነው። ግብር ሊጨምሩ ነው? እርዳታ ሊሰጡ ነው? ለግብር ከመሰለው ከብቱ ያንሳል፤ ለእርዳታ ከመሰለው ልጆቹ ይበዛሉ። በተለይ እናቶች፣ ያለፈው ዓመትም ጠይቃችሁን ነበር፣ ምን መጣ? ይላሉ። መልስ የለህም። ጫግኒ ራንች መጠለያ ያለፈ ሰው ደግሞ መቆጠር ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል፤ መዝገቡ ላይ ስምህ ከሌለ ስንዴውም የለም።

ዱ ቦይስም ያው ገጠመው። ሰዎቹ ልክ እንደ ብርቅ እንስሳ ለምን ታጠናናለህ ብለው ተቆጡ። ጥቁር ሆኖ እንኳ ለነሱ ባዳ ነበር፤ ከዘራውና የሃርቫርድ ንግግሩም አላገዙትም። እሱም ኋላ ላይ ስለ ጥቁሮች የማያውቀው ብዙ እንደነበር የተረዳው እዚያው ሰፈር መሆኑን ጽፏል። ደግ ተመልካች ብቻ ነበር ብዬ አላስመስልም። መጽሐፉን ስታነቡ አንዳንዴ የሰፈር ሽማግሌ ይመስላል፤ ጭፈራው በዛ፣ ቁጠባ የለም፣ ትዳር ላላ እያለ ድሃውን ይገሥጻል። ይኼ ይኼ ዛሬ ሲነበብ ይጎረብጣል።

ግኝቱ ግን ለዘመኑ መብረቅ ነው። መጽሐፉ በ1899 ወጣ። ወንጀሉንም ድህነቱንም አልደበቀም፤ ምክንያቱ ደም ወይም ዘር ነው የሚለውን ግን አፈረሰው። ከባርነት ከወጡ ገና አንድ ትውልድ ነው፤ ከደቡብ ገጠር ገና እየፈለሱ ናቸው፤ ፋብሪካው አይቀጥራቸውም፣ የሠራተኛ ማኅበሩ አይቀበላቸውም፤ ለባሰ ቤት የበለጠ ኪራይ ይከፍላሉ። የእጅ ሙያ ይዞ አሳላፊ የሆነውን፣ ተምራ ሥራ ያጣችውን አንድ በአንድ ቆጥሮ አስቀመጠ። ማስረጃ ፈልገው የቀጠሩት ሰዎች ማስረጃ አገኙ፤ ያሰቡት ዓይነት አልሆነም እንጂ። ዩኒቨርሲቲውም ቋሚ ሥራ አልሰጠውም።

ከዚያ ወደ አትላንታ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። በትንሽ ገንዘብ፣ በተማሪዎቹና በድሮ ምሩቃን እገዛ፣ በየዓመቱ አንድ ጉዳይ እየመረጠ ያጠና ነበር፤ አንዴ ሞትና ጤና፣ አንዴ ንግድ፣ አንዴ ትምህርት ቤት፣ አንዴ ቤተ ክርስቲያን። እቅዱ የመቶ ዓመት ነበር፤ አሥር ርዕስ በአሥር ዓመት፣ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው።

ሚያዝያ 1899 ላይ ግን አትላንታ አጠገብ ሳም ሆዝ የሚባል ጥቁር ሠራተኛ ያለ ዳኛ በሕዝብ ፊት ተቃጠለ። ዱ ቦይስ በማስረጃ የተደገፈ መግለጫ ጽፎ ወደ አንድ የጋዜጣ አዘጋጅ እየሄደ ሳለ የሟቹ የእጅ አጥንት ከፊት ለፊት ባለ ሱቅ ለዕይታ መቀመጡን ሰማ። ከመንገድ ተመለሰ። በወሩ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ወንድ ልጁ በዲፍቴሪያ ሞተ። ከተማዋ ውስጥ ጥቁር ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ነጭ ሐኪም ጥቁር ልጅ አያክምም።

ያም ሆኖ አላቆመም። በ1900 ለፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ከተማሪዎቹ ጋር 60 ያህል ቻርት በእጅ ሣለ፤ የመሬት ይዞታ፣ ማንበብና መጻፍ፣ ሥራ፣ የሕዝብ ብዛት፣ ሁሉም በደማቅ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ። በዚያው ክረምት ለንደን ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው የፓን አፍሪካ ጉባኤ ተገኘ። እዚያ የአጼ ምኒልክ ወኪል ሆኖ የቀረበው ቤኒቶ ሲልቫን የተባለ የሃይቲ ሰው ነበር። አድዋና ሰባተኛው ዋርድ አንድ አዳራሽ ውስጥ ተገናኙ ብላችሁ አስቡት።

የሕይወቱ ትልቁ ጥናት ግን የማናነበው ነው። በ1906 የፌዴራሉ የሥራ ቢሮ አላባማ ውስጥ ላውንደስ የምትባል የጥጥ አገር እንዲያጠና ቀጠረው። ከ6 ሺህ በላይ ቤተሰብ፣ አብዛኛው ጥቁር፣ የእኩል አራሽ፣ በዕዳ ታስሮ ከመሬቱ መውጣት የማይችል። የእኩል ማረስን ታሪክ ለጎጃም ሰው አላስረዳም። ማን መሬት አለው፣ ውሉ ምን ይላል፣ ዕዳው ስንት ነው፣ ፍርድ ቤቱ ለማን ይፈርዳል? ረዳቶቹ ተኩስ እስኪተኮስባቸው ድረስ በየቤቱ ዞሩ። እሱ እዚያ ሳለ መስከረም ላይ አትላንታ ውስጥ ነጮች ጥቁሮችን ማሳደድና መግደል ጀመሩ። በባቡር ገሥግሦ ተመለሰና ጠመንጃ ገዝቶ ሚስቱንና ሴት ልጁን ሊጠብቅ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ያ ሁሉ ዓመት መጠይቅ የያዘው እጅ!

ሪፖርቱን ጨርሶ በእጁ ጽፎ ከነካርታና ቻርቱ አስረከበ። መንግሥት አላተምም አለ፤ ፖለቲካ ይነካል ተባለ። ዓመታት ቆይቶ ወረቀቱን መልሱልኝ ሲል ተቃጥሏል፣ ተወግዷል የሚል መልስ አገኘ።

የየዋህነቱ ጥያቄ እዚህ ላይ ይመለሳል። በ1910 አትላንታን ለቅቆ ኒውዮርክ ገባና ለጥቁሮች መብት የቆመው ማኅበር፣ ኤንኤኤሲፒ፣ መጽሔት አዘጋጅ ሆነ። ከዚያ በኋላ ያለው ዱ ቦይስ የምታውቁት ነው፤ የሚጽፍ፣ የሚከራከር፣ ከወዳጅም ከጠላትም የሚጣላ። በ1935 ጣሊያን ስትወረን ስለ ኢትዮጵያ ጉዳይ ፎሪን አፌርስ ላይ ጻፈ። በ82 ዓመቱ የውጭ አገር ወኪል ነህ ተብሎ ተከሰሰ፣ ኋላም ነፃ ወጣ። ፓስፖርቱን ስለነጠቁት በ1957 የጋና ነፃነት በዓል አመለጠው። በ1961 ንክሩማህ ጋበዘውና የአፍሪካን ኢንሳይክሎፒዲያ ሊያዘጋጅ አክራ ገባ። በ93 ዓመቱ እንደገና መረጃ ሊሰበስብ! የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ በተመሠረተ በሦስተኛው ወር፣ ነሐሴ 21 ቀን 1955 ዓ.ም. እዚያው አረፈ። በማግስቱ ዋሽንግተን ላይ 250 ሺህ ሕዝብ ተሰብስቦ ሞቱ በመድረክ ተነገረ።

ሰዎች ቁጥሩን ትቶ ወደ ፖለቲካ ሄደ ይላሉ። እኔ እንደዚያ አላየውም። ቁጥሩን የሚያቃጥል ሰው ካለ፣ መጀመሪያ ሊታገሉት የሚገባው ያንን ሰው መሆኑ ገብቶት ነው። እኛ ጋ የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ቀጣዩ ስንት ጊዜ ተራዘመ? ይህን ከሚያነቡት ውስጥ ብዙዎቻችሁ ያኔ አንደኛ ክፍል አልገባችሁም፣ አልተወለዳችሁም። የትምህርት ቤቱ ወንበር፣ የጤና ጣቢያው መድኃኒት፣ የበጀቱ ድርሻ የሚሰላው ግን ከዚያ ቁጥር እየተነሱ በግምት ነው።

የፓሪሱ ቻርቶች ዛሬ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አሉ፤ ስልካችሁ ላይ ስሙን ጽፋችሁ ብትፈልጉ በነፃ ታወርዷቸዋላችሁ። ቀለማቸው አሁንም ያምራል። ከላውንደስ የ6 ሺህ ቤተሰብ ሪፖርት ግን የተረፈ ቅጂ የለም።