የበርክሊው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1757 በእንግሊዝ አገር፣ በግሎስተርሺር አውራጃ፣ አንድ የ8 ዓመት ልጅ ከመሰሎቹ ጋር ወደ ጋጣ ገብቶ በር ተዘጋበት። አስቀድሞ ለሳምንታት ደሙን እያወጡ፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት እያጠጡ፣ ምግቡንም እየቀነሱ ካከሱት በኋላ ክንዱን ጫር አድርገው ከፈንጣጣ በሽተኛ ቁስል የተወሰደ መግል አስገብተውበታል። በጋጣው የሚቆየውም ትኩሳቱ መጥቶ እስኪያልፍና የወጣበት ፈንጣጣ እስኪደርቅ ድረስ ነበር። ልጁ ዳነ። ዳሩ ግን እንቅልፍ ማጣትና ድንገተኛ ድምፅ በሰማ ቁጥር መደንገጥ ለብዙ ዓመታት አልለቀቁትም። ይህ ልጅ ኤድዋርድ ጄነር ነው።

ለዛሬ አንባቢ ይህ ጭካኔ ሊመስል ይችላል። በዘመኑ ግን ከፈንጣጣ ማምለጫ ተብሎ የተገኘው ብልሃት ይኸው ነበር። በሽታው በራሱ መንገድ ከያዛቸው ሰዎች ከመቶው ከ20 እስከ 30 የሚደርሱት ሲሞቱ፣ በዚህ ዓይነት ከተከተቡት የሚሞቱት ከመቶ 1 ወይም 2 ያህል ብቻ ነበሩ። ከሞት የተረፈውም ቢሆን ፊቱ ይበሳሳል፤ የአንዳንዱም ዓይን ይጠፋል። ብልሃቱ ወደ እንግሊዝ የገባው ከቱርክ ሲሆን፣ በህንድ፣ በቻይናና በአፍሪካም በልዩ ልዩ መልክ የታወቀ ነበር። ከኢትዮጵያ ሰሜናዊ ደጋዎችም አልራቀም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በትግራይ ብዙ ዓመት የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ፣ የአገሩ ሰው ከበሽተኛ መግል እየወሰደ የጤነኛውን ክንድ በጥቶ እንደሚከትብ ጽፎ አልፏል። በነገራችን ላይ፣ ዛሬ በጤና ጣቢያው ሁሉ የሚነገረው ክትባት የሚለው ቃል በአንገት ከሚታሰረው ክታብ ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ ሁለቱም መጻፍን ከሚያመለክተው ከተበ ከሚለው ግሥ የወጡ ናቸው። አሮጌው ብልሃት በቋንቋችን ውስጥ አሻራውን አኑሮ ሄዷል ማለት ይቻላል።

ጄነር የተወለደው በግንቦት ወር 1749፣ በርክሊ በተባለች ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ የደብሩ ቄስ ነበሩ። ገና በ5 ዓመቱ እናቱም አባቱም በመሞታቸው ያሳደጉት ታላላቆቹ ናቸው። በወጣትነቱ ቺፒንግ ሶድበሪ በምትባል ስፍራ ከአንድ የገጠር ቀዶ ጥገና ሐኪም ዘንድ ሙያ ተማረ። ከዚያም በ1770 ወደ ለንደን ሄዶ የታወቀው የአካል ክፍሎች ሊቅ የጆን ሀንተር ደቀ መዝሙር ሆነ፤ በቤቱም ተቀመጠ። ሀንተር ለተማሪዎቹ አጥብቆ የሚያስተምራቸው ነገር ቢኖር በግምት ከመርካት ይልቅ ሞክሮ ማየትን ነው። ጄነር ትምህርቱን ሲጨርስ ከካፒቴን ኩክ ሁለተኛ የባሕር ጉዞ ጋር እንዲሄድ ተጠይቆ ነበር። እርሱ ግን ዓለምን ከመዞር በርክሊን መርጦ ወደ ትውልድ ቀዬው ተመለሰ።

በዚያም በፈረስ እየዞረ ድሃውንም ሀብታሙንም የሚያክም የገጠር ሐኪም ሆነ። ዋሽንት መሰሉን ፍሉት ይነፋል፣ ግጥም ይገጥማል፣ የአእዋፍንም ጠባይ ይከታተላል። የንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር አባል ለመሆን ያበቃው የሕክምና ሥራው ሳይሆን በ1788 ስለ ኩኩ ወፍ ያቀረበው ጥናት ነው። ኩኩ እንቁላሏን በሌላ ወፍ ጎጆ ትጥላለች፤ የተፈለፈለው ጫጩትም የባለቤቲቱን ጫጩቶች በጀርባው እየገፋ ከጎጆው ያወጣል። ይህን የተናገረው በዓይኑ አይቶ ቢሆንም ብዙዎች ለረጅም ጊዜ አላመኑትም ነበር።

የላም ፈንጣጣን ነገር ከአንዲት ወተት አላቢ ልጃገረድ በወጣትነቱ እንደሰማ የሚተረከው ታሪክ በየመጽሐፉ ይገኛል። የኋላ ተመራማሪዎች ግን ታሪኩን የሕይወት ታሪክ ጸሐፊው ያሳመረው ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። እርግጡ ይህ ነው፤ በላሞች ጡት ላይ የሚወጣው ቁስል እጁን የነካው ሰው ፈንጣጣ እንደማይዘው የከብት አርቢው ሕዝብ ያውቅ ነበር። እንዲያውም ቤንጃሚን ጄስቲ የተባለ ገበሬ በ1774 ፈንጣጣ በአካባቢው ሲነሣ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ከላም ቁስል በወሰደው ፈሳሽ ከትቧቸዋል። ጎረቤቶቹ ሰደቡት እንጂ አላመሰገኑትም። ስለዚህ ጄነር የመጀመሪያው አይደለም። እርሱን ልዩ ያደረገው፣ ሕዝብ የሚያውቀውን ነገር ይዞ ማንም ሊያመሳክረው በሚችል መንገድ መመርመሩና የተገኘውን ሁሉ ለዓለም መግለጡ ነው።

በግንቦት 14 ቀን 1796 ሣራ ኔልምስ ከተባለች አላቢ እጅ ላይ ፈሳሽ ወስዶ የአትክልተኛው ልጅ የሆነውን የ8 ዓመቱን ጄምስ ፊፕስን ክንዱን ሁለት ቦታ ጫር አድርጎ ከተበው። ልጁ ለጥቂት ቀናት ብርድ ብርድ አለው፣ ምግብም አስጠላው፤ ወዲያውም ደህና ሆነ። በሐምሌ 1 ቀን ደግሞ እውነተኛውን የፈንጣጣ መግል አስገባበት፤ በሽታው አልወጣበትም። የዛሬ የሥነ ምግባር ኮሚቴ እንዲህ ያለውን ሙከራ ፈጽሞ አይፈቅድም፤ ባይፈቅድም ልክ ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን በምላጭ መከተብ ለብዙ ሕፃናት የሚደረግ ነገር ስለነበረ፣ ሁለተኛው መርፌ ፊፕስ ያለ ጄነርም ሊደርሰው የሚችል መርፌ ነበር።

የንጉሣዊው ማኅበር ጽሑፉን አልተቀበለም። ማስረጃው ጥቂት ነው ተባለ። ጄነር ሙከራውን ጨምሮ 23 ታሪኮችን አሰባስቦ በ1798 በራሱ ገንዘብ አሳተመው። ላም በላቲን ቋንቋ ቫካ ትባላለችና ቫክሲን የሚለው ቃል የመጣው ከዚያ ነው፤ ሉዊ ፓስተር ከብዙ ዓመታት በኋላ ስሙ ለክትባት ሁሉ መጠሪያ እንዲሆን ያደረገው ለጄነር መታሰቢያ ነው።

መጽሐፉ ከወጣ በኋላ የመጣው ክርክር ለጤና ባለሙያ ከግኝቱ ይልቅ የሚያስተምር ሳይሆን አይቀርም። ከአውሬ የተወሰደ ነገር በክርስቲያን ደም መግባቱ ርኩሰት ነው የሚሉ ተነሡ። በ1802 የወጣ አንድ የታወቀ የፌዝ ሥዕል የተከተቡ ሰዎችን ከአፍንጫቸውና ከክንዳቸው ላሞች ሲበቅሉባቸው ያሳያል። በሳቅ የማይታለፍም ተቃውሞ ነበር። በለንደን የፈንጣጣ ሆስፒታል የተዘጋጀው ፈሳሽ ከእውነተኛው ፈንጣጣ ጋር በመቀላቀሉ የተከተቡ ሰዎች በበሽታው ተይዘዋል፤ እንዲያ ያየ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም። በአሮጌው መንገድ እየከተቡ የሚተዳደሩ ሐኪሞችም ገቢያቸው ሲቀር ዝም አላሉም።

ከሁሉም የሚከብደው ግን በገዛ ቤቱ የደረሰው ነው። ጄነር ትንሹን ልጁን ሮበርትን በላም ፈንጣጣ ከትቦት ነበር፤ ክትባቱ ግን አልያዘለትም። በኋላ ቼልተንሃም በተባለው ከተማ ሳሉ ከፈንጣጣ በሽተኛ ቤት በቀጥታ የመጣ ሰው ልጁን አቀፈው። በዚያች ሰዓት የላም ፈንጣጣ ፈሳሽ በአጠገቡ አልነበረም። ጄነር ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረበት፤ መጠበቅ ወይም ተቃውሞ የጻፈበትን አሮጌውን ብልሃት በልጁ ላይ ማድረግ። ሁለተኛውን መረጠ፤ ልጁም በሰላም አለፈ። ጠላቶቹ ግን የላም ክትባት አባት ለገዛ ልጁ አላመነበትም እያሉ ወሬውን ለዓመታት አራገቡት። ነገሩን በእርጋታ ለሚያየው በዚህ ውስጥ ግብዝነት የለም። የተሻለው መድኃኒት በእጁ የሌለ አባት ያለውን ያህል አደረገ።

በሌላ በኩል ጄነር የሚነቀፍበት ነገር አለ። አንድ ጊዜ የተከተበ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ፈንጣጣ አይደርስበትም ብሎ አጥብቆ ተከራከረ። ከተከተቡት መካከል ዓመታት ቆይተው የታመሙ ሲመጡም አከታተቡ ጉድለት ቢኖረው ነው እያለ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ተሟገተ። ከእርሱ በኋላ እንደታወቀው የክትባቱ ኃይል በዓመታት እየደከመ ይሄዳልና መድገም ያስፈልጋል። በዚህ አንድ ነገር ግትር ባይሆን ኖሮ ብዙ ሰው ቀደም ብሎ በዳነ ነበር።

ክብሩ ከአገሩ ውጭ ፈጥኖ ገነነ። ናፖሊዮን ከእንግሊዝ ጋር እየተዋጋ ሳለ ወታደሮቹን አስከተበ፤ በጄነር ልመናም አንዳንድ እስረኞችን ለቀቀ። በ1803 ከስፔን የተነሣችው የባልሚስ መርከብ፣ ፈሳሹ በመንገድ እንዳይደርቅ፣ 22 ወላጅ አልባ ሕፃናትን ይዛ ከክንድ ወደ ክንድ እያስተላለፈች ክትባቱን አሜሪካ አደረሰች። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1802 10 ሺህ፣ በ1807 ደግሞ 20 ሺህ ፓውንድ ሸለመው። እርሱ በበርክሊ ግቢው ውስጥ ባሠራት ትንሽ ጎጆ ድሆችን ያለ ዋጋ ይከትብ ነበር፤ ለጄምስ ፊፕስም መኖሪያ ቤት ሰጠው። የመጨረሻ ዓመታቱ ግን ኀዘን የበዛባቸው ናቸው። ታላቁ ልጁ በ1810፣ ሚስቱ ካትሪን በ1815፣ ሁለቱም በሳንባ ነቀርሳ ሞቱበት። እርሱም በጥር 26 ቀን 1823 በአንጎል ደም መፍሰስ ዐረፈ፤ በበርክሊም ከወላጆቹ ዘንድ ተቀበረ።

የእርሱ ክትባት ወደ ኢትዮጵያ ደጋዎች በዘመቻ መልክ የወጣው ከሞተ ከ148 ዓመታት በኋላ፣ በጥር 1963 ዓ.ም. ነው። በዚያው በመጀመሪያው የዘመቻ ዓመት በአገሪቱ ከ26 ሺህ በላይ በሽተኞች ተመዘገቡ። ኢትዮጵያውያን የጤና ሠራተኞችና የውጭ አገር በጎ ፈቃደኞች ባለ ሁለት ጫፍ መርፌና የደረቀ ክትባት ይዘው በእግርና በበቅሎ፣ ኋላም በሄሊኮፕተር ሲጓዙ፣ በሰሜኑ ደጋ እምቢ የሚላቸው ብዙ ሰው አጋጠማቸው። ይህን እምቢታ በድንቁርና መተርጐም ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ የነበረው ፈንጣጣ ቀለል ያለው ዓይነት ሲሆን የሚገድለው ከመቶ 1 ወይም 2 ያህል ነበር። ሰዉም የራሱ ከታቢ ነበረው፤ አሠራሩ ከአባቶቹ የወረደ፣ ውጤቱም በዓይኑ የታየ። የማያውቀው እንግዳ በማያውቀው መርፌ ይውጋኝ ወይስ የማውቀው ሽማግሌ በማውቀው ምላጭ ይብጣኝ የሚል ምርጫ የቀረበለት ገበሬ ሽማግሌውን ቢመርጥ ምክንያት አለው።

ችግሩ ያለው ለራሱ ባደረገው ሒሳብ ውስጥ አይደለም፤ በጎረቤቱ ላይ በሚያመጣው ነው። በአሮጌው ብልሃት የተከተበ ሰው እውነተኛውን ፈንጣጣ ይዞ ይሰነብታል፤ ለሌላውም ያስተላልፋል። በዋግ አውራጃ፣ ከሰቆጣ ወዲያ እንደ ፃግብጂ ባሉት ገጠሮች፣ መንደሩ በየሸንተረሩ ተበትኖ ሲታይ በሽታ በቀላሉ የማይሻገር ይመስላል። ነገር ግን ገበያው፣ ለቅሶው፣ ማኅበሩና የንግሥ በዓሉ ሁሉን ያገናኛል፤ በአንድ ቤት ለበጎ የተደረገው መበጣት በሦስተኛው ሸንተረር ያልተከተበ ሕፃን ሊገድል ይችላል። የላም ክትባት የተለየው በዚህ ነው፤ የፈንጣጣ በሽታ ከቶ አያስተላልፍምና። ዘመቻው ሕዝቡን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመከተብ ሳይሞክር በሽተኛውን እያሰሰ በዙሪያው ያሉትን ብቻ እየከተበ ሄደ፤ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በባሌ የተገኘው በሽተኛ በኢትዮጵያ የመጨረሻው ሆነ። የዓለም ጤና ጉባኤም በሚያዝያ 1972 ዓ.ም. ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን አወጀ።

በኅዳር 1911 ዓ.ም. ግን ወደ አዲስ አበባ የገባው ሌላ በሽታ ነበር። የኅዳር በሽታ የተባለው ያ ኢንፍሉዌንዛ በከተማይቱ ብቻ ከ10 ሺህ ሰው በላይ እንደፈጀ ይነገራል። በዚያን ጊዜ ክትባት አልነበረውም፤ የመጀመሪያዎቹ የተሠሩት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት ነው። ዛሬ ክትባቱ ባለበት አገር ሁሉ የሚሠራ የጤና ባለሙያ በየዓመቱ ልከተብ ወይስ ልተው ብሎ ይጠይቃል። ተሕዋሱ መልኩን እየለዋወጠ ስለሚሄድ የዓለም ጤና ድርጅት የክትባቱን ይዘት በዓመት ሁለት ጊዜ ይወስናል፤ ውሳኔው በደንብ በሠመረበት ዓመት እንኳ ክትባቱ ሐኪም ቤት የሚያደርስ ሕመምን የሚቀንሰው ከመቶ ከ40 እስከ 60 ያህል ነው። ጤናማው ነርስ ለራሱ ብቻ ካሰበ ቁጥሩ ትንሽ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ከአልጋ ወደ አልጋ የሚሄደው እርሱ ነው፤ አልጋው ላይ ያሉት ደግሞ አረጋዊው፣ ነፍሰ ጡሯና ሳንባው የደከመው ናቸው። የፈንጣጣ ተሕዋስ እንደ ኢንፍሉዌንዛው በየዓመቱ የማይለዋወጥ በመሆኑ ጄነር ይህ ዓይነቱ የዓመት ውሳኔ አልገጠመውም።