ኤሚል ፊሸርና የፕሮቲን ሰንሰለት

ፕሮቲን ከአሚኖ አሲዶች የተገነባ ሰንሰለት መሆኑን ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ግን አሚኖ አሲዶቹ በምን ዓይነት ትስስር እንደሚያያዙ አከራካሪ ነበር። ለዚህ ጥያቄ መልስ ካስገኙት መካከል ጀርመናዊው ኬሚስት ኤሚል ፊሸር ግንባር ቀደም ናቸው። የተሳሳቱበት ጉዳይም፣ በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት፣ ካገኙት እውነት ባልተናነሰ ሊጠና ይገባዋል።

ፊሸር በ1852 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኮሎኝ አቅራቢያ በምትገኘው በኦይስኪርኸን ተወለዱ። ነጋዴ የነበሩት አባታቸው ለንግድ እንደማይሆኑ ባዩ ጊዜ ለትምህርት ለቀቋቸው። በ1874 በስትራስቡርግ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ፈጽመው፣ በተከታዩ ዓመት ፌኒልሃይድራዚን የተባለውን ውሑድ አገኙ። የስኳሮችን አወቃቀር የለዩት በዚሁ ውሑድ ሲሆን፣ በስኳርና በፒዩሪን ላይ ላደረጉት ምርምር በ1902 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ይሁን እንጂ ውሑዱ መርዛማ በመሆኑ ጤናቸውን ክፉኛ ጎድቶታል።

ወደ ፕሮቲን ፊታቸውን ያዞሩት በ1899 ነበር። በ1902 በካርልስባድ በተካሄደ ጉባኤ ፊሸርና ፍራንዝ ሆፍማይስተር፣ ሳይመካከሩ፣ በአንድ ቀን ተመሳሳይ ሐሳብ አቀረቡ፦ የአንዱ አሚኖ አሲድ የካርቦክሲል ቡድን ከሌላው የአሚኖ ቡድን ጋር የሚጣመረው አንድ የውኃ ሞለኪውል እየወጣ ነው። ሆፍማይስተር እዚህ የደረሱት የነበረውን መረጃ በማመዛዘን ነው፤ ፊሸር ግን ሰንሰለቱን በቤተ ሙከራ ሠርተው ማሳየት ፈለጉ። ፔፕታይድ የሚለውን ስም ያወጡትም እርሳቸው ናቸው። በ1901 ሁለት ግላይሲኖችን ብቻ ያያያዙት ሰው፣ በ1907 15 ግላይሲንና 3 ሉሲን፣ በድምሩ 18 አሚኖ አሲዶች ያሉት ሰንሰለት ለመሥራት በቁ።

ከዚያ በላይ መሄድ አዳጋች ሆነ። የአሚኖውን ቡድን ለጊዜው ሸፍኖ፣ በኋላ ሰንሰለቱን ሳይበጥሱ ሽፋኑን ማንሳት የሚያስችል ዘዴ አልነበራቸውም። ዘዴው የተገኘው በ1932፣ በቀድሞ ረዳታቸው በማክስ በርግማንና በሌዮኒዳስ ዘርቫስ ነው።

ፊሸር የፕሮቲን ሞለኪውላዊ ክብደት ከ5,000 ገደማ ይበልጣል የሚለውን ግምት ይጠራጠሩ ነበር። ስሕተት ነበር፤ የሄሞግሎቢን ክብደት ብቻ 64,500 ያህል ነው። ነገር ግን ጥርጣሬያቸውን እንደ ግትርነት መቁጠር ተገቢ አይመስልም። በዘመኑ ፕሮቲን ተብሎ የሚመዘነው ነገር ንጹሕ ይሁን ድብልቅ በእርግጠኝነት የሚለይበት መንገድ አልነበረም። ቴዎዶር ስቬድበርግ በአልትራሴንትሪፊውጅ ትላልቅ ሞለኪውሎችን የመዘኑት በ1920ዎቹ ነው።

ፊሸር ያን አላዩም። ከሦስት ወንዶች ልጆቻቸው ሁለቱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት ሞቱባቸው፤ እርሳቸውም በካንሰር ታመው፣ ሐምሌ 1919 በበርሊን ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ። በሕይወት የቀረው ልጃቸው ሄርማን የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪ ሆኖ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ አስተምሯል።