ልጆችን ያስገባች፣ መጽሐፍ ያስቀረች ሴት

የኒውዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2020 125ኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ በታሪኩ ሰው በብዛት የተዋሳቸውን 10 መጻሕፍት ዝርዝር አውጥቶ ነበር። አንደኛ የወጣው የሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ ነው። ከ10ሩ 6ቱ የልጆች ናቸው። ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ መሰለኝ፣ እንዲህ ዓይነት ዝርዝር ሳገኝ ካለው ይልቅ የሌለውን ነው የምፈልገው። የሌለው ደግሞ «ጉድናይት ሙን» ነው፤ በእኛ ደህና እደሪ ጨረቃ እንደማለት። ስንት አሜሪካዊ ወላጅ ልጁን ሲያስተኛ የሚያነብለት መጽሐፍ እንዴት ከዝርዝሩ ይቀራል? ቤተ መጻሕፍቱ ምክንያቱን ራሱ ተናግሯል። ምክንያቱ አንዲት ሴት ናት፤ አን ካሮል ሙር።

ሙር በ1871 ሜይን ግዛት ውስጥ ተወለደች (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አባቷ ጠበቃ ነበር፣ እሷም የአባቷን ሙያ ልትይዝ ቢሮው ገብታ ሕግ ማጥናት ጀምራ ነበር። በ1892 ግን አባትና እናቷ በኢንፍሉዌንዛ ሞቱ፤ የጠበቃነቱም ነገር በዚያው ቀረ። ጥቂት ዓመት የሟች ምራቷን ልጆች ስታሳድግ ከቆየች በኋላ ብሩክሊን ወደሚገኘው የፕራት ተቋም ሄዳ የቤተ መጻሕፍት ሙያ ተማረች።

ያኔ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማለት የትልቅ ሰው ቤት ነበር። አብዛኞቹ ከ14 ዓመት በታች ያለን ልጅ አያስገቡም፤ ያቆሽሻል፣ ይጮኻል፣ መጽሐፍ ይቀዳል ተብሎ። ፕራት ግን የልጆች ክፍል ከፈተና በ1896 ለሙር ሰጣት። እሷም ክፍሉን በልጅ ልክ አደራጀችው። ወንበሩ ትንሽ፣ መደርደሪያው ዝቅ ያለ፣ ልጁ ማንንም ሳይለምን እጁን ዘርግቶ የሚያወርደው። ማንበብ የማይችለውም ቁጭ ብሎ ተረት ይሰማል። ነገሩ ቀላል ይመስላል እንጂ ትልቅ ነው፤ ፊደል ያልቆጠረ ልጅ መጽሐፍ ከየት ተጀምሮ ወዴት እንደሚገለጥ፣ ታሪክ እንዴት እንደሚያያዝ የሚያውቀው ሲነበብለት ነው። ቤቱ መጽሐፍ የሌለው ልጅ ይህን ከየት ያመጣዋል?

በ1906 ወደ ኒውዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተዛወረች፣ የልጆች አገልግሎት በሙሉ በእሷ ሥር ሆነ። ጊዜው ደግሞ ተመቻት። የብረት ቱጃሩ አንድሪው ካርኔጊ በ1901 ለከተማዋ ቅርንጫፎች ማሠሪያ 5.2 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶ ነበር፤ መሬቱንና የሥራ ማስኬጃውን ከተማዋ ትቻል ብሎ። ሕንፃው በየሰፈሩ ይቆማል፣ ሙር ልጆቹን ትሞላበታለች። ጸጥታ የሚል ማስታወቂያ አስነሳች። ለስደተኞች ልጆች በየቋንቋቸው መጽሐፍ አስገዛች። ልጁ መጽሐፎቹን በደንብ ሊይዝ፣ ደንቡንም ሊያከብር ቃል ይገባና በትልቁ መዝገብ ላይ ስሙን ይፈርማል። እናቱ እንግሊዝኛ የማትችል ልጅ በገዛ እጁ ፈርሞ መጽሐፍ ይዞ ቤት ሲገባ አስቡት! በ1913 ከቅርንጫፎቹ ከሚወጣው መጽሐፍ አንድ ሦስተኛው የልጆች ነበር።

(ይህ ሐሳብ እኛም ጋ ደርሷል። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆኖ ሲሠራ ነው ሐሳቡ የመጣለት፤ በ2003 አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ።)

ወደ ሙር ልመለስ፤ ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ኒውዮርክ ትልቅ ገዢ ነው፣ ሌሎች ቤተ መጻሕፍትም የእሷን ምርጫ እያዩ ይገዛሉ። ገበያው በአንድ ሰው ጣዕም ታሠረ ማለት ነው። እሷ የወደደችው ይሸጣል፣ የጠላችው መጋዘን ውስጥ አቧራ ይለብሳል። ጣዕሟ ደግሞ ተረትና ምናብ ነው፤ ስለ ልጆች የዕለት ተዕለት ኑሮ፣ ስለ አልጋና ስለ ማበጠሪያ የሚያወሩትን የአዲሶቹን ጸሐፊዎች ሥራ አትወድም። ኒኮላስ የተባለ የእንጨት አሻንጉሊት ይዛ ትዞር የነበረች ሴት ናትና ብዙም አይገርምም።

በ1941 ጡረታ ወጣች። ወጣች ይበሉ እንጂ ስብሰባ አትቀርም ነበር፤ ተተኪዋ ቦታ ብትቀያይርም አግኝታቸው ትመጣለች። ደራሲውን ኢ. ቢ. ኋይትን የልጆች መጽሐፍ ጻፍ እያለች ስትጎተጉት ኖራ፣ በ1945 አይጥ ስለሚመስለው ልጅ ስለ ስቱዋርት ሊትል ሲጽፍ መጽሐፉ እንዳይታተም ረጅም ደብዳቤ ላከች። ታተመ፣ እንደ ጉድም ተሸጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው «ጉድናይት ሙን» ግን ያን ያህል አልቀናውም። እሷ ጠላችው፣ ቤተ መጻሕፍቱም ሳይገዛው ቀረ።

እኔ ሙርን መጥላት አልቻልኩም። በሩን የከፈተችው እሷ ባትሆን ኖሮ መጽሐፉ የቀረበት ልጅ ራሱ እዚያ አይገኝም ነበር። ግን ደግሞ አንድ ትውልድ ሙሉ ብሮንክስና ማንሃታን ውስጥ ያደገ፣ መጽሐፍ መግዣ የሌለው ልጅ ያቺን ጨረቃ ሳያያት አደገ። የሀብታም ልጅማ ከሱቅ ይገዛለታል።

ሙር በ1961 ሞተች። «ጉድናይት ሙን» ቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ የወጣው በ1972 ነው።