ሌላውን ሲያድኑ የዳኑት ሐኪም፤ የዶክተር ሮበርት ስሚዝ የሕይወት ታሪክ

ሐኪም የሰውን ሕመም ለማወቅ ብዙ ዘመን ይማራል። ስለ ልብ፣ ስለ ጉበትና ስለ አንጎል መጻሕፍት አገላብጦ፣ በሽተኛ መርምሮና ፈተና አልፎ ነው ዲፕሎማውን የሚቀበለው። ይሁን እንጂ ያ ሁሉ ዕውቀት ገዛ ራሱን ከያዘው በሽታ ሊያድነው የማይችልበት ጊዜ አለ። በአሜሪካ አገር፣ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት፣ በአክረን ከተማ የኖሩት ዶክተር ሮበርት ሆልብሩክ ስሚዝ ለዚህ ዐይነተኛ ምስክር ናቸው። እኒህ ሰው ከሠላሳ ዓመት በላይ የመጠጥ ባሪያ ሆነው ኖሩ፤ በቀሩት ዐሥራ አምስት ዓመታት ደግሞ በመጠጥ የተያዙ ብዙ ሺህ ሰዎችን ያለ ዋጋ አከሙ። ስማቸው የማይገለጽ የአልኮል ሱሰኞች ማኅበር፣ በእንግሊዝኛ አጠራሩ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለው ማኅበር ካሉት ሁለት መሥራቾች አንዱ እሳቸው ናቸው። ማኅበርተኞቹ የሚያውቋቸው ዶክተር ቦብ በሚለው አጭር ስም ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

ዶክተር ስሚዝ ኦገስት 8 ቀን 1879 ዓ.ም. በቨርሞንት ክፍለ ግዛት ሴንት ጆንስቤሪ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ዳኛ ነበሩ። ወላጆቻቸው ሁለቱም ሃይማኖታቸውን አጥባቂዎች ስለ ነበሩ ልጃቸውን እሑድ ብቻ ሳይሆን በሥራ ቀንም እየደጋገሙ ቤተ ክርስቲያን ይወስዱት ነበር። ልጁ ግን ይህ ሁሉ ግዴታ ስለ ከበደው፣ ራሱን የቻለ ዕለት የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላለመርገጥ በልቡ ቈረጠ። ካደገም በኋላ አሳቡን ለብዙ ዘመን ጠበቀ።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1898 ዓ.ም. ፈጽመው ዳርትመዝ ኮሌጅ ገቡ። ከወላጆቻቸው ዐይን የራቁት ያን ጊዜ ነው፤ መጠጥም የለመዱት እዚያው ነው። በተማሪዎቹ ዘንድ ብዙ ጠጥቶ አለመስከር እንደ ጀግንነት ይቈጠር ነበርና ወጣቱ ስሚዝ በዚህ የሚወዳደራቸው አልተገኘም። ጓደኞቻቸው በማግሥቱ አንጎበር ይዟቸው ሲያቃስቱ እሳቸው ምንም እንዳልነካቸው ሆነው ይነሡ ነበር። ይህን ሁሉም እንደ ጥንካሬ ቈጠረላቸው። ዛሬ ሕክምና የሚያስተምረን ግን ሌላ ነው፤ ብዙ ጠጥቶ አለመስከር ሰውነት መርዙን እየለመደ ለመሄዱ ምልክት ሊሆን ይችላል እንጂ መመኪያ አይደለም።

በ1902 ዓ.ም. ከኮሌጅ ወጥተው ሦስት ዓመት ያህል በንግድ ቤት ሠሩ። ሐኪም የመሆን ምኞት ነበራቸውና በ1905 ዓ.ም. ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ገቡ። መጠጡ ግን አብሯቸው ገባ። ጠዋት ጠዋት እጃቸው መንቀጥቀጥ የጀመረው በዚያ ወራት ነው። ከዚያ ወጥተው ቺካጎ ወደሚገኘው ራሽ የሕክምና ኮሌጅ ተዛወሩ። እዚያም በመጨረሻው ፈተና እርሳስ መያዝ እስኪያቅታቸው ድረስ እጃቸው ስለ ተንቀጠቀጠ፣ የመልስ ደብተሮቹን አንድ ፊደል ሳይጽፉባቸው ባዶአቸውን መለሱ። መምህራኑ ዕድል ባይነፍጓቸውም ያለ መጠጥ ተጨማሪ ጊዜ እንዲማሩ አዘዟቸው። ትእዛዙንም ፈጽመው በ1910 ዓ.ም. በሐኪምነት ተመረቁ።

ለልምምድ ወደ አክረን ከተማ ሆስፒታል ተላኩ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ሥራው ቀንና ሌሊት ከሆስፒታሉ ስለማያስወጣቸው መጠጥ ርቀው ቈዩ። በ1912 ዓ.ም. የራሳቸውን ክሊኒክ ከፍተው ገንዘብና ጊዜ ሲያገኙ ግን ያ የተኛው በሽታ ነቃ። ለሕክምና በየሆስፒታሉ ቢያንስ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ያህል ገቡ፤ ሲወጡም መልሰው ይጠጡ ነበር። አባታቸው ጭንቅ ቢላቸው ከአገር ቤት ሐኪም ልከው አስመጧቸው፤ በተወለዱበትም ቤት ብዙ ሳምንት ተኝተው ታስታመሙ።

በ1915 ዓ.ም. ከዐሥራ ሰባት ዓመት በፊት በተማሪነታቸው ያወቋትን አን ሪፕሊን አገቡ። አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ፤ በኋላም አንዲት ሴት ልጅ አሳደጉ። ከ1920 እስከ 1933 ዓ.ም. በአሜሪካ መጠጥ በሕግ ተከልክሎ ነበር። ዶክተር ስሚዝ በመጀመሪያ ሕጉ ሳይወዱ በግድ ያስጥለኛል ብለው ተስፋ አደረጉ። ነገር ግን ሐኪም ለመድኃኒት የሚሆን አልኮል እንዲያገኝ ሕጉ ይፈቅድ ነበር፤ በድብቅ የሚሸጡትም ነጋዴዎች ደጃፋቸው ድረስ ያመጡላቸው ነበር። ስለዚህ ሕጉ ሳያስጥላቸው ቀረ።

በዚህ ዘመን ኑሯቸው በሁለት ፍርሃት የተከፈለ ነበር፤ አንዱ እንቅልፍ ማጣት፣ ሁለተኛው መጠጥ ማለቁ። ጠዋት ቢጠጡ በሽተኛ ሁሉ ይሸሻቸዋልና እጃቸውን ለማርጋት ብዙ የማስታገሻ መድኃኒት ውጠው ወደ ሥራ ይሄዳሉ። ማታ ቤታቸው ሲገቡ ደግሞ ይጠጣሉ። ጠርሙሱን በከሰል ማጠራቀሚያ፣ በምድር ቤቱ ጣራ ወራጆች ላይ፣ በበሩ ጉበን፣ በአመድ መድፊያው ውስጥ ይሸሽጉት ነበር። ሚስታቸው እየበረበሩ ያወጣሉ፤ እሳቸው ሌላ ቦታ ይፈልጋሉ። የቤቱ ዕዳ በዛ፤ ወዳጅ ራቀ፤ ልጆቹም አባታቸው ደኅና ሆነው የሚገቡበትን ማታ የሚጠባበቁ ሆኑ።

አንባቢ፣ ይህ የተማረ ሰው ለምን አልተወውም ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ ከሰውነታችን አሠራር ይገኛል። አልኮል የአንጎልን ሥራ የሚያቀዘቅዝ ነገር ነው። ሰው በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ አንጎሉ ማቀዝቀዣውን ለመቋቋም ከወትሮው ይልቅ መፍጠንን ይለምዳል። መጠጡ በድንገት ሲቀር ፍጥነቱ ብቻውን ይቀራል፤ ፍሬኑ የተበጠሰ መኪና ቍልቍለት እንደሚወርድ ማለት ነው። ከመጨረሻው ብርጭቆ በኋላ ከስድስት ሰዓት ገደማ ጀምሮ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ልብ በኀይል ይመታል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀኖች ውስጥ የሚጥል በሽታ የመሰለ መንዘፍዘፍ ሊመጣ ይችላል። በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ደግሞ አንዳንዱ በሽተኛ ያለበትን ቦታ ይስታል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ትኵሳት ይነሣበታል። ይህን የመጨረሻውን ደረጃ ቶማስ ሰተን የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1813 ዓ.ም. ዴሊሪየም ትሬመንስ ብለው ሰየሙት። ሳይታከም ከቀረ የሚገድል ነው።

ስለዚህ በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው አንድ ቀን ቈርጦ ተነሥቶ፣ ያለ ሐኪም ምክር ብቻውን ቤቱን ዘግቶ መተኛት አይገባውም። ጠጁም፣ አረቄውም፣ ቢራውም፣ ውስኪውም በጣዕም ይለያዩ እንጂ በውስጣቸው ያለው አልኮል አንድ ነው። በአሁኑ ጊዜ በሆስፒታል እንደ ዲያዜፓም ያለ መድኃኒት ልኩ እየተቀነሰ ለጥቂት ቀናት ይሰጣል፤ አንጎልን ከጕዳት ለመጠበቅም ቫይታሚን ቢ 1 ይጨመርበታል። ይህ ሁሉ ግን ሰውነትን ከአደጋ ያወጣል እንጂ ልማዱን አያስጥልም። ዶክተር ስሚዝ ያቃታቸውም ከመጠጥ መንጻት ሳይሆን ነጽቶ መቈየት ነበር።

በ1933 ዓ.ም. ከሚስታቸው ጋር ኦክስፎርድ ግሩፕ ወደሚባል የክርስቲያኖች ጉባኤ መሄድ ጀመሩ። ሁለት ዓመት ተኩል ያህል መጻሕፍት አነበቡ፣ ጸለዩ፣ ምክር ሰሙ። መጠጡም በዚያው ቀጠለ።

በሜይ ወር 1935 ዓ.ም. ቢል ዊልሰን የሚባሉ የኒው ዮርክ የአክሲዮን ደላላ ለንግድ ጉዳይ ወደ አክረን መጡ። እኒህም ሰው ጽኑ ጠጪ የነበሩና መጠጥ ከተዉ ገና አምስት ወር የሆናቸው ነበሩ። ጉዳያቸው ሳይሳካ ቀርቶ በሆቴሉ አዳራሽ ብቻቸውን ሲንጐራደዱ ከመጠጥ ቤቱ የሚሰማው ሣቅ ይጠራቸው ጀመር። ያን ጊዜ አንድ ነገር ታያቸው፤ ከመጠጥ ያቈያቸው ሌላውን ጠጪ ለመርዳት መድከማቸው ነበር። ወደ መጠጥ ቤቱ በመግባት ፈንታ ስልክ አንሥተው እንደሳቸው ያለ በሽተኛ ፈለጉ። በሰው በሰው ሄንሪየታ ሳይበርሊንግ የሚባሉ ወይዘሮ ዘንድ ደረሱ። ወይዘሮዋም ሜይ 12 ቀን፣ የእናቶች ቀን በሚባለው እሑድ፣ ሁለቱን በቤታቸው አገናኟቸው።

ዶክተር ስሚዝ የመጡት በሚስታቸው ልመና፣ ከዐሥራ አምስት ደቂቃ በላይ ላይቀመጡ ተስማምተው ነበር። ከእንግዳው ጋር ግን ስድስት ሰዓት ያህል ቈዩ። እንግዳው አልገሠጿቸውም፤ የጉበትን ነገርም አላስተማሯቸውም፤ ይህን ሐኪሙ ከማንም ይበልጥ ያውቁታል። የራሳቸውን ውድቀት ብቻ ነገሯቸው፤ የመጡትም ለመርዳት ብቻ ሳይሆን ራሳቸውም ሊረዱ መሆኑን ገለጹላቸው። ዶክተር ስሚዝ ስለ መጠጥ ከደረሰበት ሰው አፍ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር።

ይሁን እንጂ ነገሩ በአንድ ምሽት አላለቀም። ጥቂት ሳምንት ከመጠጥ ርቀው ከሰነበቱ በኋላ ለሐኪሞች ጉባኤ ወደ አትላንቲክ ሲቲ ሲሄዱ ከባቡሩ ጀምረው ጠጡ፤ ለቀናትም ራሳቸውን ሳያውቁ ቈዩ። ሲመለሱ ሚስታቸውና ዊልሰን ተጋግዘው አስታመሟቸው። በጥቂት ቀን ውስጥ የሚያደርጉት ኦፐራሲዮን ነበርና በዚያ ዕለት ጠዋት ዊልሰን እጃቸው እንዲረጋ አንድ ቢራ ሰጧቸው። ዛሬ ማንም ሐኪም የማይፈቅደው ነገር ነው፤ የዚያን ቀን ጭንቅ ግን ያሳያል። ኦፐራሲዮኑ በደኅና አለቀ። ዶክተሩ ግን በሰዓቱ ወደ ቤት አልተመለሱም፤ ሁለቱ አስታማሚዎችም ሰጉ። እሳቸው ግን በየቤቱ እየዞሩ የበደሏቸውንና ያበደሯቸውን ሰዎች ይቅርታ ይጠይቁ ነበር። ማኅበሩ ይህን ዕለት ጁን 10 ቀን 1935 ዓ.ም. ብሎ እንደ ልደቱ ቀን ያከብረዋል። ያች ቢራ የመጨረሻቸው ሆነች።

የመጠጥ አምሮት ግን ሁለት ዓመት ተኩል ያህል አልለቀቃቸውም። ያቈያቸው ምኞቱ መጥፋቱ ሳይሆን ሥራው ነው። ወዲያው ከዊልሰን ጋር ወደ አክረን ከተማ ሆስፒታል ሄደው አልጋ ላይ የታሰረ አንድ ጠበቃ አገኙ፤ መጠጥ ሲቋረጥበት አእምሮውን ስቶ አስታማሚዎችን የመታ ሰው ነበር። በአልጋው አጠገብ ተቀምጠው ታሪካቸውን ነገሩት። ጠበቃው ከሆስፒታል ወጥቶ ሦስተኛው ማኅበርተኛ ሆነ፤ ከዚያም ሌሎች ተከተሉ።

ታላቁ ችግር አልጋ ማግኘት ነበር። በዚያን ዘመን ብዙ ሆስፒታሎች ሰካራምን አይቀበሉም ነበር፤ ይጮኻል፣ አይከፍልም፣ በሽተኛም አይባልም። በአክረን የቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል መዝገብ ክፍል እኅት ኢግናሺያ የሚባሉ በአየርላንድ የተወለዱ መነኵሲት ነበሩ። ሙዚቃ ሲያስተምሩ በሥራ ብዛት ጤናቸው ታውኮ ስለ ነበር የተሰበረ ሰው ጭንቀት ይገባቸዋል። ኦገስት 16 ቀን 1939 ዓ.ም. የዶክተር ስሚዝን አንድ በሽተኛ የጨጓራ ሕመምተኛ ብለው መዘገቡና አስገቡት። ቦታ ቢያጡ አበባ በሚሰናዳበት ትንሽ ክፍል አስተኙት። ያ ክፍል በኋላ ሙሉ የሕሙማን ክፍል ሆነ።

አሠራራቸው ቀላል ነበር። በሽተኛው አምስት ቀን ያህል ይቈያል። በመጀመሪያ ሰውነቱ እንዲረጋ መድኃኒትና ምግብ ይሰጠዋል፤ አእምሮው ሲመለስ ከመጠጥ የወጡ ሰዎች በየተራ እየመጡ አጠገቡ ይቀመጣሉ። ሲወጣ እኅት ኢግናሺያ ትንሽ የሃይማኖት ምልክት ይሰጡትና፣ ለመጠጣት ካሰበ አስቀድሞ ምልክቱን እንዲመልስላቸው ቃል ያስገቡታል። ዶክተር ስሚዝ በየቀኑ እየመጡ ይጐበኙ ነበር። እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ከእኅት ኢግናሺያ ጋር ያከሟቸው ሰዎች አምስት ሺህ ያህል እንደ ሆኑ ይነገራል፤ ከአንዳቸውም ዋጋ አልተቀበሉም።

ሚስታቸው በ1949 ዓ.ም. ዐረፉ። እሳቸውም በነቀርሳ ታመው በጁላይ 1950 ዓ.ም. በክሊቭላንድ በተደረገው የማኅበሩ ታላቅ ጉባኤ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ተናገሩ፤ ነገሩን ሳያወሳስቡ እንዲይዙትና ፍቅርንና አገልግሎትን እንዳይለቁ መከሩ። ኖቬምበር 16 ቀን 1950 ዓ.ም. በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። በመቃብራቸው ድንጋይ ላይ ስለ ማኅበሩ የተጻፈ ነገር የለም።

የአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር በ1956 ዓ.ም. የመጠጥ ሱሰኛ በሆስፒታል ተቀባይነት ያለው በሽተኛ መሆኑን አወጀ፤ የጨጓራ በሽተኛ እያሉ በመመዝገብ የተጀመረው ሥራ በግልጽ ታወቀ። በ2020 ዓ.ም. የታተመ የብዙ ጥናቶች ግምገማም፣ በሽተኛን ከዚህ ማኅበር ጋር የሚያገናኝ ሕክምና ከመጠጥ ርቆ በመቈየት ረገድ ከሌሎቹ የምክር ሕክምናዎች እንደማያንስ፣ እንዲያውም ብዙ ጊዜ እንደሚበልጥ አሳይቷል።

እንግዲህ ተማሪውና ወጣቱ ሹም ከእኒህ ሰው ታሪክ የሚያገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ዲፕሎማ ከመጠጥ አይጠብቅም፤ ሐኪሙንም አልጠበቃቸውም። ብዙ ጠጥቶ መቆም ጀግንነት አይደለም። የወደቀ ጓደኛ ያለው ደግሞ ተግሣጹን ትቶ አስቀድሞ ወደ ሐኪም ይውሰደው፤ ሰውነቱ ሲረጋም ጥሎት አይሂድ፤ አጠገቡ ይቀመጥ። ዶክተር ስሚዝን ዕውቀታቸውና ሕጉ፣ የአባታቸውም እንባ አላዳናቸውም። ያዳናቸው እንደሳቸው የወደቀ ሰው አጠገባቸው መቀመጡና እሳቸውም በተራቸው በሌላው ሰው አልጋ አጠገብ መቀመጣቸው ነው።